በጠመኔ የተሰመረ ቤት

እትዬ ቅምቅማት ቤታቸውን ለመሸጥ የቆረጡት ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ብሎ ሲለግምባቸው ነው። አርባ ዓመት ልብስ የሰፉት እዚያ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ስሙም የወጣላቸው በሙያቸው ነው። በሯ ለመንገድ የሆነ አንዲት ምድር ቤት አግኝተዋል። ባለቤቷ ግን "ሁለት ወር እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ነው" ብሏቸዋል።

ልጃቸው ደላላ ይዞ መጣ። ሰውየው ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ ስለነበር እትዬ በልባቸው "ከረባቱ" አሉት፤ በዚያው ቀረ።

"ለእኔ ብቻ ይስጡኝና ለስድስት ወር ይፈርሙልኝ" አለ። "ሁሉም ደላላ የያዘው ቤት ባለቤት የለውም። አንዱ በአንዱ እያሳበበ ይቀራል።"

"እኔ ያለኝ ሁለት ወር ነው።"

"እማዬ፣ ሰውየው እኮ ሥራውን ያውቃል" አለ ልጅየው።

"እኔስ ሥራ ፈት ነኝ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለሁሉም እሰጣለሁ፤ የሸጠው ድርሻውን ይወስዳል።"

ነገሩ የከረረው ግን ከረባቱ ግድግዳውን ሲያይ ነው። እትዬ ልብስ ሲረከቡ የተቀደደውንም የላላውንም ደንበኛው ፊት በጠመኔ ያሰምሩበታል። ቤቱንም እንደዚያው አድርገውት ነበር። ጣሪያው የሚያፈስበት ጋ ክብ፣ መስኮቱ አልገጥም ያለበት ጋ መስመር፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ምልክት።

"ይሄማ ተጠርጎ ቀለም ይቀባል። ሰው ገመናውን ይሸፍናል እንጂ ያሰምርበታል እንዴ?"

"ጠመኔዬን የሚነካ ደላላ ይቺን ደረጃ አይድገማት" አሉ እትዬ፣ በሩን እየከፈቱለት።

ሌሎች ሰባት ደላሎች መጡ፤ አይተው ሳቁና ወረዱ። ወር አለፈ። እትዬ ፈርተዋል፤ ለምን ይዋሻል፣ ያቺ ምድር ቤት ልታመልጣቸው ነው። ጨርቅ አንስተው ግን አንዲት መስመር አልጠረጉም።

ሁለቱ ወር ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው በሩን ያንኳኳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከረባቱ። ባልና ሚስት አስከትሏል፤ ዓይኑን ከእትዬ ዓይን ያሸሻል። ሚስትየዋ ከምልክት ወደ ምልክት እየሄደች በጣቷ ነካካች።

"ያየነው ቤት ሁሉ አዲስ ቀለም ነው። የተደበቀውን ስንፈልግ ዓመት ሞላን" አለች። "ያልተሰመረበት የቀረ አለ?"

እትዬ አሰቡ። "ደረጃው። ጉልበት ይበላል።"

"ጉልበትስ አለን" አለ ባልየው።

ቁልፉን ባስረከቡ ዕለት ከረባቱ ድርሻውን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል "ቁም" አሉት። የኮቱ የጀርባ ስፌት ከታች ተተርትሯል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይተውታል። ጠመኔ ከኪሳቸው አወጡና ጀርባው ላይ መስመር ሳብ አደረጉበት።

"ነገ አምጣው። ምድር ቤት ነኝ" አሉት። "እስከዚያ እንዳትጠርገው።"