ዓይን አፋርና እኅቶቿ

የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር በሆነው መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ሙጫ» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደረቀ ተክል ወረቀት ላይ ስትለጥፍ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ከሜዳና ከጫካ የመጣ ተክል በጋዜጣ ታጥፎ፣ ክብደት ተጭኖበት ይደርቃል። እሷ ተቀብላ ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ታጣብቀዋለች፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንዳገኘው ከግርጌው ትጽፋለች፤ ከዚያም በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ከዘመዶቹ ጋር ታስተኛዋለች። ዲግሪ የላትም፤ ዓይን ግን አላት። የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ራሱ ሁለት ተክል ሲምታታበት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እስቲ እትዬ ሙጫን ጥሩልኝ» ይላል።

ከነዚያ ሁሉ ሺህ ወረቀቶች «ያገኘችው» በሚለው ቦታ የእሷ ስም የተጻፈበት አንድ ብቻ ነው። ተክሏ ዓይን አፋር ትባላለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሰማያዊ አበባዋን ለጥቂት ጊዜ ከፈት አድርጋ መልሳ ትሸፈናለች። ባለሙያዎቹ «ጠፍታለች» ብለው ተስፋ በቆረጡባት ጊዜ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እትዬ ሙጫ በእረፍት ቀኗ ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ አንዲት ብቻ ይዛ መጣች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዶክተሩ ያንን ወረቀት አውጥቶ ያሳያል። እሷም በዚያ ሰዓት እዚያው አካባቢ የምትወለውለው ጠረጴዛ አታጣም።

አሁን ወደ ታናሽ እኅቷ እንምጣ። ታናሽቱ የማዘጋጃ ቤቱ የሣር አጨዳ ተቆጣጣሪ ናት፤ ሁለት የትራክተር ሾፌሮችን ታዛለች፤ ድምጿ ከትራክተሩ ይበልጣል። ይቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ዕድል ደጇ ላይ ነው የሚያድረው። ታላቂቱ ዓመት ሙሉ አጥንታ የወደቀችውን ፈተና ታናሽቱ በተዋሰችው እርሳስ አለፈች። ታላቂቱ ስድስት ወር ተመላልሳ ያጣችውን የኪራይ ቤት፣ ታናሽቱ ዝናብ ልታመልጥ በተጠለለችበት በረንዳ አገኘች። እናታቸው እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታናሽቱን «የኔ ሳቂታ» ስትል ታላቂቱን «የኔ ጠንካራ» ነበር የምትላት። ጠንካራ ማለት ደግሞ፣ እትዬ ሙጫ እንደገባት፣ ምንም ባይሰጧት የማታለቅስ ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ታናሽቱ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። በእጇ የዳቦ ፌስታል አንጠልጥላለች።

«እትዬ፣ እንደምን አደርሽ! እስቲ ይቺን እያት።»

«ምንድን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ! ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሞልታለች። ትናንት ቀትር ላይ ሜዳውን ስንለካ አብባ አየኋትና ‹የእትዬ ተክል እንዳትሆን› ብዬ ነቀልኳት። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሊታጨድ ነው፤ ከዚያ ታርሶ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ‹እሷ ናት› ካልሽኝ አስቆማለሁ።»

«ዶክተሩ እስከ ሰኞ የለም።»

«ዶክተሩን ምን ላድርገው? አንቺ አለሽልኝ አይደል?» አለችና እየሮጠች ወጣች።

«ሞልታለች» የሚለውን ቃል እትዬ ሙጫ ለብቻዋ ደገመችው። እሷ በዕድሜዋ አንዲት ያገኘችውን፣ ይቺ በዳቦ ፌስታል!

ዓይን አፋር ሁለት እኅቶች አሏት። አንደኛዋ ረግረግ ስለምትወድ ቅጠሏ ሰፊ ነው፤ ከሩቅ ትለያለች። ተራዋ፣ በየመንገዱ ዳር የምትበቅለው፣ ግን በቁመትም በቀለምም ቁርጥ ዓይን አፋርን ናት። መለያው አበባውን ከሥር ያቀፈው አረንጓዴ ከረጢት ነው። የተራዋ ልሙጥ ነው፤ የዓይን አፋር ቁልቁል የተኛ ጠጉር አለው፤ ያውም በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

«ልሙጥ ሁኚ» እያለች መነጽሩ ላይ አጎነበሰች። ልሙጥ አልነበረችም። ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ከራሱ ሥር በቅሎ ቁልቁል ተኝቷል።

እንደ ሙያው ደንብ አዲሱ ከታወቀው ጎን ይታያል። የራሷን ወረቀት ከቁም ሳጥኑ አወጣች። አንዴ ለጥፋ ከለየችው ወዲህ በመነጽር አይታው አታውቅም፤ የሠርጉን ፎቶ በማጉያ የሚመረምር ማን አለ? ጠጉሩ አለ። ግን አግድም ነው የተኛው፤ ሥርም የለው። በመርፌ ጫፍ ነካ ስታደርገው ከደረቀ ሙጫ ጋር ተላቆ ተነሣ። የጥጥ ክር ነበር። ያኔ አበባው እንዳይጨፈለቅ ጥጥ ጣል አድርገው ነበር የሚያደርቁት። ጥጡን በገዛ ብሩሿ አጣብቃ፣ በገዛ ዓይኗ ጠጉር ብላ አነበበችው፤ ዶክተሩም ዓይኗን አምኖ ፈረመ። ከሥሩ ያለው ከረጢት እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ አሥራ አንድ ዓመት አድሮ ጠራ።

የማኅደሩ ደንብ ደግሞ ክፉ ነው። የተሳሳተ ስም አይፋቅም፣ አይቀደድም። ከሥሩ ማረሚያ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፋል፤ ስሕተቱ ከነባለቤቱ ለልጅ ልጅ ይታያል። በሌሎች ስሕተት ሥር ስንት ቁራጭ ለጥፋለች፤ አንዳንዱንማ እያፏጨች። አሁን ግን ማን ያውቃል? ሜዳው ቢታጨድ፣ ቢታረስ፣ ሰኞ ዶክተሩ ሲመጣ የሚጠየቅ ነገር የለም። ሆድ ይፍጀው።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደወለች።

«ተራዋ ናት» አለች።

«እሺ በቃ! አንቺ ካልሽ አለቀ። እንዲያውም ደስ አለኝ፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

«ያቺ ያንቺ ብቻ እንድትሆን ነዋ! አንቺ እንግዲህ ሌላ ምን አለሽ…» ታናሽቱ ምላሷን ነከሰች፤ ግን ዘገየች።

እትዬ ሙጫ ፊቷ ነደደ። ስትቀናባት የኖረችው ልጅ ለካ ስታዝንላት ኖራለች! ሁሉን ጠቅልላ፣ ይቺን አንዲት ተክል «ለእትዬ ትተርፍ» ብላ ልትተውላት ነው። ቅናት የለመደችው ነገር ነው፣ ትችለዋለች። ምጽዋት ግን አልቻለችም። በስልኩ ውስጥ የትራክተሩ ሞተር ተነሣ።

«አስቁሚው!» ብላ ጮኸች። «አስቁሚው አልኩሽ! ያንቺ ናት እውነተኛዋ! ተሳስቼ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ የኔዋ ናት ተራዋ!»

እስከ መጨረሻው የሚሰማት አልነበረም። ታናሽቱ «አስቁሚው» የሚለውን እንደያዘች ሮጣለች፤ ስትጮህ ይሰማል። ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እያለከለከች ተመለሰች።

«ቆመ! አንድ ጥግ ብቻ ነው የታጨደው። እሷ ናት ማለት ነው? የኔዋ ምናምን ስትዪም ሰምቻለሁ፤ ምን ነበር ያልሽው?»

የጥጡ ክር አሁንም መርፌው ጫፍ ላይ ነው። «ምንም» ብትል ይበቃል። ሜዳው ድኗል፤ ወረቀቷም እንደተከበረ ይቀመጣል፤ ታናሽቱም ደግማ አትጠይቅም። እትዬ ሙጫ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የኔዋ ተራዋ ናት አልኩሽ። ጠጉር ያልኩት ጥጥ ነው። ማረሚያውን ዛሬ በእጄ እለጥፋለሁ።»

ከትራክተር የሚበልጠው የታናሽቱ ድምፅ ዝቅ አለ።

«እትዬ… ከፋሽ እንዴ?»

«ቀናሁ» አለቻት። «ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከተወለድሽ ጀምሮ እቀናብሻለሁ። በይ አሁን ሜዳውን ጠብቂ፣ ያ ሰውዬ ሞተሩን መልሶ እንዳያስነሣ።»