የመጀመሪያ ጠመንጃዬን የመረጥኩበት ፈተና

የተኮስኩበት ርቀት ሃያ እርምጃ ነበር፤ ልሳሳትም እችላለሁ። ጓደኛዬ ሰይድ ከሳዑዲ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲመለስ ሁለት የኤርሶፍት ጠመንጃ ይዞ መጣ። የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩሱ የጨዋታ መሣሪያዎች ናቸው። አንዱ በእጅ እየተሳበ ይሠራል፤ ሌላው በባትሪ። አንዱን ሊሸጥልኝ ተስማማን፤ ውዱ የባትሪው ነው።

እኔ ደግሞ ሳልፈትሽ ዕቃ አልገዛም። የትኛው እንደመታ እንዳይምታታብኝ በእጅ ለሚሳበው ነጭ፣ ለባትሪው አረንጓዴ ፍሬ ሞላሁ። ሰይድ ባለ ቆብ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የብየዳ መነጽር አድርጎ፣ ሐይቁ ዳር ጀርባውን ሰጠኝ። በጨዋታው ሕግ የተመታ ሰው ራሱ ያምናል።

ነጩን አሥር ጊዜ ተኮስኩ።

"ነካህ?"

"ኧረ ምንም። ዓሣውን ነው እንዴ የምታስደነግጠው?"

ጥፋቱ የእጄ ይሆናል ብዬ ድንጋይ ላይ ተደግፌ ሌላ አሥር ደገምኩ።

"አሁንም የመታኸው ነፋስ ነው፣ ወንድሜ።"

በአረንጓዴው ግን ገና ስጀምር "ተመታሁ፤ ኧረ ጀርባዬን" አለ። አሥሩንም አመነ። የባትሪውን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተለማመድኩ። አንድ ጣሳ እንኳ አልመታሁም። ችግሩ እኔ ነኝ ብዬ ቀጠልኩ።

አንድ ቀን የሰይድ እናት ከደጃቸው ጠሩኝ።

"ና እስቲ ልጄ፣ ይሄ የምን ፍሬ ነው? ጃኬቱን ላጥብ ስል ከቆቡ ውስጥ ተዘረገፈ።"

ከመዳፋቸው ተቀብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ነጭ አሥራ አንድ ነበር። አረንጓዴ አንድም የለም።