አንድ ጣት ከበሮ አላስመታም አለች

አንድ ጣት የሚለውን ስም ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። የሙዚቃ ደራሲ ናት፤ ለዘፋኝ ሳይሆን ለኦርኬስትራ፣ ሰው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ የሚያዳምጠውን ዓይነት ትጽፋለች። ስትጽፍ ታዲያ ፒያኖ ተጫወተች አይባልም። አንዲቱን ቁልፍ በአንድ ጣቷ ትጫንና ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ እስኪጠፋ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች። ከዚያ እንደገና ያችኑ። ከሰዓት በኋላው በዚህ ያልቃል። ከታችኛው ፎቅ የምትኖረው ፋርማሲስት ጣራዋን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች፣ «እባክሽ እህቴ፣ ወይ ዘፈን አድርጊው ወይ ተይው!» ትላታለች። አንድ ጣት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አንቺስ መድኃኒቱን አንድ አንድ ፍሬ አይደል የምትቆጥሪው? እኔ ጮኼብሽ አውቃለሁ?» ትላታለች።

አመሉን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ ፒያኖ ቃኚ ነበሩ። መፍቻቸውን በቆዳ ቦርሳ ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ እሷን ያስከትሏታል። ባለጸጎቹ ልጆቻቸው ዞር ብለው የማያዩትን ፒያኖ ያስቃኛሉ፤ እሳቸው ሽቦውን ጠበቅ ላላ ሲያደርጉ፣ እሷ ፒያኖው ሥር ተጋድማ ድምፅ የት ሄዶ እንደሚሞት ታዳምጣለች። የእናቷ ምኞት ግን ሐኪም እንድትሆን ነበር። «ለዚህ ቤት አንድ ጆሮ ይበቃል» ይሉ ነበር፣ «ሌሎቻችን ያለን አፍ ነው፤ አፍ ደግሞ መብላት ይፈልጋል።»

ልጅት ሰማች፣ ግን እንዳልሰማች ሆነች። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ እዚያው አስተማሪ ሆና ቀረች። ለምን አላገባችም የሚለው ወሬ ከድርሰቶቿ ሁሉ የበለጠ ለሕዝብ ቀርቧል። አንደኛው ወገን ከአንድ ክላርኔት ነፊ ጋር ተጣልታ ነው ይላል፤ ሌላኛው፣ ክላርኔት ነፊው እሷን ፈርቶ አገር ለቀቀ ይላል። እሷን ሲጠይቋት፣ «ሁለቱንም አውሩት፤ አንዱ ሳያምር አይቀርም» አለች።

ድርሰቶቿን ለውድድር በላከች ቁጥር የዳኞቹ መልስ አንድ ነበር፦ ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ የለውም። እውነትም የእሷ ሙዚቃ እንደ ሌላው ጮኾ አያልቅም፤ እየሳሳ፣ እየራቀ ይጠፋል እንጂ። ፀጉሯ ሸበተ፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ኖታ አልቀየረችም።

በኋላ አብሯት የተማረ ሰው የከተማው ኦርኬስትራ መሪ ሆነና ትልቁን ሥራዋን እናቀርባለን አላት። ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጠፈ። ልምምዱን ልትሰማ ስትሄድ ግን መሪው መጨረሻው ላይ ትራምፔትና ከበሮ ጨምሮበት አገኘችው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ማሳረጊያ ነዋ! የኛን ሰው አታውቂውም? አለቀ ብሎ የሚያጨበጭበው ሲጮኽበት ነው። በዝምታ ከጨረስሽበት እስከ ነገ ተጎልቶ ይጠብቃል።»

«ይጠብቃ! ምን ሥራ አለው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ስትለምኚው የኖርሽው ቀን ነው። ለአንድ ከበሮ ብለሽ ታበላሺዋለሽ?»

«አልለመንኩም፤ ጻፍኩ እንጂ። አንተ ከበሮ ጨምር፣ እኔ ስሜን ልቀንስ።»

ይህን ብላ በየተጫዋቹ ፊት የተዘረጋውን ኖታ እየለቀመች በፌስታል ከተተችው። አንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ቀስቱን እንዳነሣ ቀረ። መሪውም ዘንጉን ጨብጦ፣ ዝንብ እንዳመለጠው ሰው ቆሞ ያያታል።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። ታላቅ እህቷ በር ላይ ጠበቀቻት።

«አበድሽ? ሰው ዕድሉን በፌስታል ይዞ ይመለሳል?»

«ስሚኝማ እታለም። ልጅ ብወልድና አንዱ መጥቶ ‹አፍንጫው አነሰ፣ ትንሽ እንጨምርበት› ቢለኝ፣ ምን በይው ትይኝ ነበር?»

«እሱ እንደ አፍንጫው ነዋ!» አለች እህት፤ ልትቆጣ ተዘጋጅታ ሳቋ አመለጣት።

መሪው ማስታወቂያውን ከየግድግዳው መላጡ አሳፍሮት ይሁን ሌላ፣ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ መጣ። «እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ሕዝቡ ቢስቅብሽ ግን የለሁበትም።»

«ከሳቁ አብሬያቸው እስቃለሁ። ከበሮ ከሰማሁ ግን መድረኩ ላይ ወጥቼ ነው የምቀማህ።»

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። ሙዚቃው ሄደ፣ ሄደና ከፍ ብሎ የሚፈነዳበት ቦታ ላይ ደረሰ። ፈነዳ። ሕዝቡ ብድግ! ጭብጨባው ቀለጠ! ከኋላ ያሉት ካፖርታቸውን እያጠለቁ በሩን ያዙ። ከሁሉ ጉድ ግን መሪው ነው፤ የዓመታት ልማድ ጎተተውና ዘንጉን አውርዶ፣ ዞሮ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ። ለቀረው ሙዚቃ ጀርባውን ሰጥቶ!

አንድ ጣት ከፊተኛው ረድፍ ተነሣች። «አላለቀም! ዙር!» አለችው፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች። ከዚያ ወደ ሕዝቡ፦ «መሄድ የፈለገ ይሂድ። የቀረ ዝም ይበል።»

መሪው ላቡን ጠርጎ ዞረ። ጥቂቱ እያጉረመረመ ወጣ። የቀረው መቀመጡም መሄዱም አሳፍሮት፣ አንድ እጁን ካፖርት ውስጥ እንደከተተ ባለበት ደረቀ። ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ ባለአውታር፣ ኮንትራባሱ፣ ብቻውን ቀጠለ። ሳሳ። ራቀ። የቱ ላይ እንዳለቀ የለየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጎረቤቱን ያያል፣ እጁን የሚያነሣ ግን ጠፋ። እሷ ቆማ ታያቸዋለች እንጂ አልረዳቻቸውም።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት ወደ እሷ ዘንበል ብለው፣ «አሁንስ፣ ልጄ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አሁን እርስዎ ያውቃሉ» አለቻቸው።

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና አጨበጨቡ። ሌላውም እየፈራ እየቸረ ተከተላቸው። መሪው ከመድረኩ ጎንበስ ብሎ፣ «ነይ ውጪ እንጂ! ዛሬ እንኳ አንድ ጊዜ እጅ ብትነሺ ምን ይጎድልብሻል?» አላት።

«የእኔን ድርሻ ቅድም አንተው እጅ ነሥተህልኛል» አለችና ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።