በአዳራሹ ጣሪያ ላይ የቆረጥኩት አፍ

በሰቆጣ ከተማ እኔ ያልነካሁት ላሜራ ካለ ገና ከመኪና ያልወረደ ነው። በር፣ የእህል ጎታ፣ የወፍጮ ቤት አቧራ መሳቢያ፣ ሁሉን ሠርቻለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። የተበላሸውን እፈታለሁ፣ አየዋለሁ፤ መልሼ ስገጥመው ከፊተኛው የተሻለ ሆኖ ይወጣል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከተማው ይመስክር።

ስለዚህ ከዐረብ አገር ተመልሳ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ያቆመችው ሴት ሲቸግራት የመጣችው ወደ እኔ ነው። የላይኛውን ፎቅ የሠርግ አዳራሽ አድርጋዋለች። መስኮቱ የማይከፈት መስታወት ስለሆነ፣ ለአዳራሹ አየር የሚሰጥ ትልቅ ማሽን ጣሪያው ላይ አስቀምጣለች። ማሽኑ ከውስጥ የሳበውን አየር ከውጭ ከሚገባው ጋር እየቀላቀለ መልሶ ይነፋል። የውጭውን አየር የሚያስገባው የቆርቆሮ አፍ ግን መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ነው የደረሰ።

«አባቴ፣ እርስዎ ካልሠሩልኝ ማን ይሠራልኛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው።

ስፋቱን የቆረጥኩት በአገራችን የድንጋይ ቤት መስኮት ልክ ነው። በዋግ መስኮት ጠባብ ነው። አባቶቻችን ብርድ የመታው ሰው ያውቃሉ እንጂ አየር አጥሮት የታመመ ሰው አያውቁም። ዝናብ እንዳይገባ ዘንበል ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶች ደረደርኩበት፤ ለአቧራው ደግሞ ከኋላ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ወጠርኩ። ማሽኑ ሲነሳ ካርቶን ባስጠጋለት ቀጥ አድርጎ ያዘው። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ እያወጣሁ ካርቶኑን ሲስብ አሳይ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት መምህራን በአዳራሹ ተሰበሰቡ። ከምሳ በኋላ ግማሾቹ አንቀላፉ፤ የቀሩት ራሳቸውን ይዘው ወጡ። ሴትዮዋ ደረጃው አጠገብ ቆማ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች። የመጀመሪያው ሠርግ ለእሑድ ነበር። በመጀመሪያው ሠርግ እንግዳ ራሱን አሞት ከወጣ፣ ሰቆጣ ውስጥ ያ አዳራሽ ሁለተኛ ሙሽራ አያይም። ወጣትነቷን ሙሉ የሰው ቤት አጥባ ያቆመችው ነው።

«ማሽኑ ነው የተበላሸው» አልኳት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ዓርብ ዕለት ማሽኑን የሸጡላት ሰዎች የላኳት መሐንዲስ ከወልድያ በአውቶቡስ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። የጽጽቃ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ሰላም ስትለኝ ነው፤ ወዲያው ግማሽ ዘመድ አደረግኋት፣ ግማሹን ሥራዋን እስካይ አስቀረሁት።

ጣሪያ ላይ ወጣንና ካርቶኔን አሳየኋት።

«አየሽ ጉልበቱን? እንዲህ የሚስብ አፍ አዲስ አበባም የለ!»

«አባቴ፣ ይሄ ጉልበት አይደለም። እየታነቀ ነው። እርስዎም አፍንጫዎን ይዘው በሸምበቆ ቢተነፍሱ እንዲሁ ይስባሉ።»

«እኔ በሸምበቆም ብተነፍስ ካንቺ እበልጣለሁ!»

ሳቀችና ሜትሯን አወጣች። «እንዴት ለኩት?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዋ! ሌላ አለካክ አለ?»

«ታዲያ አየሩ በብረቱ ውስጥ ያልፋል?»

ካርቶኔን አጥፌ ብብቴ ሥር ከተትኩት። እሷ ተንበርክካ በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ ለካችው። ግማሹን ብረቶቹ በልተውታል፤ ከተረፈው ላይ ደግሞ ወንፊቱ ወስዶበታል። ለአየሩ የቀረለት የጉሮሮ ያህል ነው።

የአፉን ልክ የሚወስነው ግድግዳው ሳይሆን የሚቀመጠው ሰው ብዛት ነው አለችኝ። እንደኛ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቆላ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃው እዚህ አይበቃም። አፉ ጠባብ ከሆነ ደግሞ አየሩ እየሮጠ ይገባና ዝናቡን አብሮ ይጎትታል፤ ሰፊ ከሆነ ረጋ ብሎ ሲገባ ጠብታውን ውጭ ይተወዋል። ይህን ስትል ወፍጮ ቤቱ ታየኝ። የአቧራ መሳቢያው ቱቦ ሲጠብ ከአቧራው ጋር ዱቄቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ስንቱን አስፍቼ አድኛለሁ! ነገሩን አውቀው ነበር፤ ማወቄን ነበር የማላውቀው።

አዲሱን አፍ ወደ መንገዱ በኩል ልታዞረው አሰበች። እዚህ ላይ አላለፍኳትም።

«በዚያ በኩል አይሆንም። ዛሬ ባዶ ሆኖ አታለለሽ እንጂ፣ በገበያ ቀን ባጃጁ ሁሉ ከሥሩ ነው የሚቆም። ጭሱን ለሙሽራ ልታጠጪያት ነው?»

ወደ ታች ተመለከተች። ከዚያ ሥዕሏን በአንድ መስመር ሰረዘችው። «ይሄን ወረቀቴ አይነግረኝም ነበር» አለች። ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ የራሱን ሥዕል እንዲህ ሳያመነታ የሚሰርዝ ግን አላየሁም። ያስቀረሁትን ግማሽ ዝምድና ያን ጊዜ ጨመርኩላት።

ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ እሷ ስትለካ እኔ ስቆርጥ ዋልን። አዲሱ አፍ ወደ ጓሮ ዞሮ የባለ ሁለት ተከፋች በር ያህል ሰፋ፤ ወንፊቱም ሳሳ። የብረቶቹን ክፍተት ዞራ ብትለካ አንዱ ካንዱ በጥፍር ውፍረት እንኳ አልተለየም።

«እጅዎ ማሽን ነው፣ አባቴ።»

ይህን ብዙ ሰው ብሎኛል። ከእሷ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ እስክስታው ቀለጠ። አንድ ሽማግሌ «ይሄ ነፋስ ከየት ነው? ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ?» እያሉ አጉረመረሙ፤ እንደዚያ ቀን የሰው ወቀሳ ጣፍጦኝ አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሴትዮዋ በጭፈራው መሃል እየተጋፋች መጣች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባቴ፣ አንድም ሰው አልወጣም! አንድም!»

«ለእኔ አይደለም የምትነግሪው» አልኳት። «የለካችው ልጅ ጣሪያው ላይ ማሽኑን እየጠበቀች ናት። ለእሷ ንገሪያት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሴትዮዋ ግን የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ ደረጃውን ሮጠች።

እኔ አልተከተልኳትም። ሠሪውን ማየት የሚሻ እንግዳ ቢኖር፣ አዳራሹ ውስጥ ሊያገኘኝ ይገባላ።