ያለምወርቅ የተቃወመችው አንቀጽ

ያለምወርቅ በደብረ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች። መጽሐፍ ታውሳለች፣ የተቀደደውን ትለጥፋለች፣ የሚያወራውን ተማሪ በዓይኗ ዝም ታሰኛለች። በስብሰባ ላይ ግን እጇን አንስታ አታውቅም።

በ2003 ዓ.ም. የቤተ መጻሕፍት አማካሪ ጉባኤ አባል ሆና ተመረጠች። ጉባኤው በአገር አቀፉ የዲጂታል መረጃ ፖሊሲ ላይ ለመንግሥት ምክር የሚሰጥ ነበር። ረቂቁ ደርሷት ስታነብ አንቀጽ ዐሥራ አራት ላይ ቆመች። «በቤተ መጻሕፍት በዲጂታል የተቀዳ ማንኛውም ጥንታዊ ጽሑፍ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ይሆናል» ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት መርጡለ ማርያም አቅራቢያ ካለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አርባ ሦስት የብራና መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍቱ በካሜራ አንስታ ነበር። የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሦስት ቀን አመላልሰዋት ነው የፈቀዱት።

«ሌባ የት ምን እንዳለ ካወቀ አያድርም» ብለዋት ነበር።

«ያለ እርስዎ ፈቃድ ማንም አያየውም፣ የኔታ» ብላ ቃል ገባችላቸው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አምሳሉ ረቂቁን አይቶ መለሰላት። «ከላይ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ሄደሽ፣ ሰምተሽ ፈርመሽ ተመለሺ።»

አውቶቡሱ ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲጠማዘዝ የምትናገረውን በልቧ ደጋገመችው። አዲስ አበባ ስትደርስ ግማሹ ጠፍቶባት ነበር።

በጉባኤው አንቀጾቹ እየተነበቡ ቶሎ ቶሎ አለፉ። ዐሥራ አራት ሲባል እጇ ተነሣ። ሰብሳቢው «ይናገሩ፣ ወይዘሮ» ሲሏት እየተንተባተበች የብራናዎቹን ነገር አስረዳች።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ምሁር ራሱን ነቀነቀ። «እውቀት እስከ መቼ ተቆልፎበት ይኖራል?»

«እኔም መቆለፉን አልወደውም» አለች። «መጽሐፉ ግን የእነሱ ነው። አንድ ጊዜ ቃላችንን ካጠፍን ሌላው ደብር በሩን አይከፍትልንም። ያን ጊዜ ፖሊሲው የሚከፍተው ነገር አይኖረውም።»

ሰብሳቢው ወረቀት ገፋ አድርገው «እንዴት ይባል?» አሏት። «የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ሲገኝ» ብላ ጻፈች፤ ፊደሎቹ ተንጋደዱባት። ጉባኤው ሐሳቧን ተቀበለ። ነገር ግን ጉባኤ ይመክራል እንጂ አይወስንም።

ውሳኔው ሰባት ወር ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የኔታን አንዴም ሄዳ አላየቻቸውም፤ ምን ብላ ትንገራቸው? አንድ ቀን ለጉዳይ ማርቆስ መምጣታቸውን ሰምታ ከቤተ መጻሕፍቱ ሳትወጣ ዋለች። ማታ በራሷ አፈረች።

በመጨረሻ የጸደቀው ፖሊሲ መጣ። ቆማ አነበበችው። «የባለቤቱ ፈቃድ ሲገኝ» ይላል። «በጽሑፍ» የሚለው ወጥቷል።

በማግስቱ መርጡለ ማርያም ወርዳ፣ ከዚያ በእግሯ ሄዳ ሁሉንም ለመሪጌታ ነገረቻቸው።

«ሰባት ወር ይህን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?» አሏት።

«አዎ፣ የኔታ። ፈርቼ ነው።»

«በአፍ ፈቀዱ ብሎ የሚመጣ ቢኖርስ?»

«ሊኖር ይችላል» አለች።

መሪጌታ መጻሕፍቱ ወዳሉበት ዕቃ ቤት በር ጠቆሙ። «እንግዲያው ጠያቂ ሲመጣ ብቻዬን አልፈቅድም። አንቺ መጥተሽ ምስክር ካልሆንሽ ፈቃድ የለም፤ በሩም አይከፈትም።»

እሺ ብላ ተነሣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ እሷ ጡረታ ስትወጣ በእሷ ቦታ ማን ምስክር ይቆምላቸው ይሆን እያለች ታስብ ነበር።