ይዘውት ይመለሳሉ

እናቴ የአባቴን ታክሲ «ጣውንቴ» ትላት ነበር። እውነቷን ነው። አባቴ ጠዋት ሲነሳ እኛን ደህና አደራችሁ ከማለቱ በፊት ግቢ ወጥቶ የመኪናዋን መስታወት ይወለውላል። ኮልፌ ቀራንዮ ያኔ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ እርሻ ነበር፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ካሉ ጭቃ ነው። አባቴ ያንን ጭቃ አልፎ እኔን ጦር ኃይሎች ያደርሰኝና ከዚያ ወዲያ የቀን ሥራውን ይጀምራል። «የመጀመሪያዋ ተሳፋሪዬ ገደኛ ናት» ይለኝ ነበር።

እኔ መኪና ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ፀሐፊ ነበርኩ። ድርጅቱ ድሮ የአንድ ነጋዴ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ተቀየረ እንጂ ወንበሮቹም፣ የጽሕፈት መኪናዬም፣ እኔም እዚያው ነበርን። አንድ ቀን መኪኖቹን ከሚሠራው የውጭ አገር ፋብሪካ ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለቀድሞው ባለቤት ስለነበር ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከርሟል። እንግሊዝኛ ትችላለች ይባልልኝ ነበርና እንድተረጉመው ተሰጠኝ።

እንደዚያ ያለ ጨዋ ደብዳቤ አይቼ አላውቅም። መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው ብረት «በአንዳንድ ሁኔታዎች» ሊሰነጠቅ ይችላል ይላል። ከተሰነጠቀ መሪው ለሹፌሩ ላይታዘዝ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ እስከዚህ የሻንሲ ቁጥር ያላቸው መኪኖች ተጠርተው ብረቱ በነጻ ይቀየርላቸው። ሁለት ገጽ ሙሉ «አጠፋን» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ይሁንና አዲሶቹ ብረቶች በእንጨት ሣጥን ታሽገው አብረው መጥተዋል። መለዋወጫ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሥራ አስኪያጃችን ደግ ሰው ነበሩ። «ሰው ሳይሞት ጥሪው ቶሎ ይውጣ» አሉኝ። እኔም የመሥሪያ ቤት ፀሐፊ አይደለሁ? በማውቀው ቋንቋ ጻፍኩት። «የዚህ ዓይነት መኪና ያላችሁ ግለሰቦች መኪናችሁን፣ ቁልፉንና ሊብሬውን ይዛችሁ በአስቸኳይ እንድትቀርቡ በጥብቅ እናሳስባለን።» ስለ ብረቱ መሰንጠቅ ቢነገር ሰው ይደነግጣል ብዬ «ለቴክኒክ ጉዳይ» በማለት አለፍኩት። ከግርጌው እንደ ደንቡ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ተጨመረበት፣ ማኅተም አረፈበት። ደብዳቤው በፋይላችን ላሉት ባለመኪኖች ሁሉ ተላከ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል እንጂ ያን ቀን ኮርቼበት ነበር።

የአባቴም ታክሲ የዚያው ፋብሪካ ሥራ ነበረች። ከሌላ ሰው ላይ ስለገዛት በእኛ ፋይል ስሙ የለም። እኔ ደግሞ ጥሪው አዳዲሶቹን ይመለከታል፣ የሱ አሮጌ ናት ብዬ ቁጥሯን ለማየት እንኳ አልደከምኩም።

ሁለት ሳምንት ጠበቅን። አንድም መኪና አልመጣም። መካኒኮቹ ሣጥኑን ከፍተው ቁጭ አሉ፤ ካርታ እስኪሰለቻቸው ተጫወቱ።

በሦስተኛው ሳምንት ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ቦርሳቸውን ከፍተው ቁልፍና ሊብሬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«መኪናውስ የታለ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ግቢ ቆሟል፤ ነድቼ አላመጣው ነገር። ሰው ልካችሁ ውሰዱት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ቤቴን ብቻ አትንኩብኝ፣ ልጄ። የምኖርበት ሌላ የለኝም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ትርፍ ቤት የተወረሰው እንዲህ ባለ ደብዳቤ ነበር፤ «ይዛችሁ ቅረቡ» ተብሎ የቀረበ ሰው ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። እኔ ሰው ለማዳን ብዬ የጻፍኩት ወረቀት አገሩን አሸብሯል። እጃቸውን ይዤ አብሬያቸው አለቀስኩ። መኪናቸው እንደማይወሰድ ምዬ ነገርኳቸው፤ ግን ማንም እንዳይነዳው ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ሲወጡም ያመኑኝ አይመስለኝም።

ማታ ቤት ስገባ አንድ ነገር ከነከነኝ። አባቴ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እኔን መሸኘት ትቷል። «አመም ስላደረጋት አየር ጤና ጋራዥ አስገብቻታለሁ» ነበር ያለን። እናቴን ጥግ ይዤ ጠየቅኳት።

«የምን ጋራዥ? ጣውንቴን ሸሽጓታል» አለች። «የናንተ መሥሪያ ቤት መኪና ይወርሳል ተብሎ ሹፌሩ ሁሉ ደብቋል። ‹ለሷ እንዳትነግሪ› ስላለኝ ነው የደበቅኩሽ።»

በነጋታው አባቴን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ከጎረቤት ጓሮ፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ክምር ስር ናት። መብራቷ በቅጠሉ መሃል ብቅ ብሏል፤ አንዲት ዶሮ ኮፈኗ ላይ ሰፍራለች። ሳላስበው ሳቄ መጣ።

«ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

«ብትጠየቂ እንዳትዋሺ ብዬ ነዋ» አለኝ።

ሳቄ እዚያው ሞተ። ቅጠሉን ገለጥኩ፤ ኮፈኗን አስከፍቼ የሻንሲ ቁጥሩን ከፋብሪካው ደብዳቤ ቀድቼ ከያዝኩት ጋር አስተያየሁት። ከተጠሩት ውስጥ ናት።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ብረቱን፣ ሣጥኑን፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔንም።

«አጠፋን ብለዋል ፈረንጆቹ?» አለኝ።

«አላሉም።»

«ያላጠፋ ሰው ብረት በነጻ ይልካል? ይህ ወጥመድ ነው። አንቺንም አታለውሽ ነው። መኪናዬን ይዤ ብሄድ በእግሬ ነው የምመለሰው። ደግሞ ሥራ ፈትቼ እስከ መቼ? ነገ አውጥቼ እሠራባታለሁ። ስንት ዓመት ነዳኋት፣ ምን ሆነች?»

አባቴን በግትርነት የሚያሸንፈው የለም። እኔም የሱ ልጅ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ሲያወጣ ቀድሜው ከፊት ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ውረጂ» አለኝ።

«ምን ሆነች አላልክም? ገደኛዋ ተሳፋሪህ ነኝ፤ እንደ ወትሮህ ጦር ኃይሎች አድርሰኝ።»

ቁልፉን አስገባ። አላዞረውም። እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ከፊት ለፊት ጭቃው ላይ እንደሆነ ብዙ ቆየ። ለራሱ ቢሆን ያን ጊዜውኑ አስነስቶ ይሄድ ነበር።

«እግዜር ይይልሽ» አለና አስነሳት። የሰው እርምጃ በሚያህል ፍጥነት፣ ዳር ዳሩን ይዞ ነዳ። ከኋላ አውቶቡስ ክላክስ ያስጮህብናል፣ አህያ የጫነ ሰው ቀድሞን ያልፋል፣ አባቴ ግን ግንባሩን ላብ እያጠመቀው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ጦር ኃይሎችን አልፎ እስከ ድርጅታችን ጋራዥ በር ድረስ እንደዚያው ነዳ።

መካኒኩ ከስር ገብቶ ብረቱን አወጣው። መጀመሪያ ምንም አይታይም። በጨርቅ ሲጠርገው ግን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ዙሪያውን ይዞታል። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ በመዶሻ መታ ሲያደርገው ለሁለት ተከፈለ።

አባቴ ብረቱን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። እዚያ ከነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለና፣ «ስንት ጠዋት ነው በዚህ ይዤሽ የሄድኩት?» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ትከሻው ላይ ራሴን ጣል አደረግኩ።

አዲሱ ብረት ገባ። ቁልፉ ተመለሰለት፣ ሊብሬው ተመለሰለት፤ አባቴ ግን ስባሪዎቹንም ስጡኝ አለ። በመሐረብ ቋጥሮ ከዚያው ወደ አየር ጤና ሄደና ሹፌር በሚሰበሰብበት ሁሉ እየፈታ አሳየ። ማታ ሲመለስ ደግሞ አጠገቤ ተቀመጠ። «ያንን ደብዳቤሽን እንደገና እንጻፈው» አለኝ። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። «‹በዚያው ቀን ይዘውት ይመለሳሉ› የሚለውን መጀመሪያ አድርጊው። ጤና ይስጥልኝ ከማለትሽም በፊት» አለ። ሥራ አስኪያጁ አንብበው ሳቁና ፈረሙ። መፈክሩን ማንሳት ግን አልደፈሩም።

መኪኖቹ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። የእኒያን እናት መኪና አባቴ ራሱ እየጎተተ አምጥቶ፣ ሲሠራ ጠብቆ፣ ግቢያቸው ድረስ መለሰላቸው።

ከዚያ በኋላ እኔ እስካገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት በሩን ቶሎ አይከፍትልኝም። አስቀድሞ መሪውን ግራና ቀኝ ያዞራል። ወርዶ ልብሱ ጭቃ እስኪነካ ይንበረከክና ከስር ያያል። ከዚያ ተነስቶ እጁን ይጠርግና፣ «በይ አሁን ግቢ» ይለኛል።

እኔም ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ተቀይሯል እኮ፣ አባዬ» ብዬው አላውቅም።