ሚስቱ ያንቀላፋችበት ፈተና

ታክ ቢዮንግሆ ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት ኢንቾን ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እኔ ጋ የመጣው ሃምሳን ተሻግሮ፣ ስኳር በሽታ ብርሃኑን ከወሰደበት በኋላ ነው። በአገራችን የማሳጅ ሥራ በሕግ ለዓይነ ስውራን የተተወ እንጀራ ነው። ታዲያ እንዲሁ አይሰጥም፤ መጀመሪያ የሰውን አካል መማር አለ፦ አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ደም ሥሩን፣ የሆድ ዕቃውን። ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሶክ ሚዮንግአ እባላለሁ። ስወለድም አላየሁ፣ አሁንም አላይም። ጡረታዬ ደርሷል፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ጠልቷል፣ ደክሞኛል።

ሰው «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» እያለ ሊያጽናናን ይሞክራል። እሺ ብዬ እሰማለሁ እንጂ፣ እኔን ዛሬም ገርበብ ያለ በር ግንባሬን ይለኛል።

ታክ ትጉ ነበር። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አይቶ የታወረ ሰው ጥፋት። እንደኔ ከተወለደ ጀምሮ ያላየ ሰው፣ የሌላውን ገላ የሚያውቀው የራሱን እየዳሰሰ ስለሆነ ግራና ቀኙ አይምታታበትም። አይቶ የታወረ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ያየው፣ ሆዱን ከፍቶ ፊት ለፊት የቆመ ሰውዬ። በዚያ ሥዕል ላይ ጉበት ለተመልካቹ በግራ በኩል ነው የሚታየው። ስለዚህ ጉበት አሳየኝ ባልኩት ቁጥር የታክ እጅ ወደተኛው ሰው ግራ ይሄዳል። ጣፊያ ያለበትን ይዞ ጉበት ነው ብሎ ድርቅ!

«አቶ ታክ፣ ያንን ሥዕል ከጭንቅላትዎ ያውጡልኝ!»

«በየት በኩል ላውጣው መምህርት? በሩም እኮ በግራ ነው የሚመስለኝ።»

ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ጉበቱ ያበጠ ደንበኛ መጥቶ እዚያው ላይ በክርኑ ቢጫነውስ? ለዚህ ነው ጉበትን በሕያው ሰው ገላ ላይ ለይቶ ያላሳየ ተማሪ እኛ ዘንድ የማያልፈው።

እሱ ደግሞ የግድ ማለፍ ነበረበት። ሚስቱ ሱንኢም ገበያ ውስጥ ኪምቺ የሚባለውን በርበሬ የበዛበት ጎመንና የተጠበሰ ትናንሽ ዓሣ ትሸጣለች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ጎመን በጨው ውኃ ታጥባለች፣ በርበሬ ትለውሳለች፣ ከዚያ እስኪመሽ እግሯ ላይ ናት። እሱ ከታወረ ወዲህ ቤቱን የተሸከመችው እሷ ብቻ ነች። ካለፈ አንድ የማሳጅ ቤት ሊቀጥረው ቃል ገብቶለታል፤ እሷም ጎመኑን ትታ ልታርፍ ተባብለዋል። ፈተናው የሚመጣው ግን በዓመት አንዴ ነው።

በእኛ ማሠልጠኛ የመጨረሻው ፈተና የሚሰጠው ተማሪው ከቤቱ ይዞት በመጣ ሰው ላይ ነው። ባዳ ሰው ቢያመውም በይሉኝታ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፤ የቤት ሰው ግን ምን ይሉኝታ አለው፣ ይጮሃል። ታክም ሱንኢምን ይዞ መጣ። ከእኔ ጋር የሚፈትነው አቶ ፒዮ የሚባል፣ ከሌላ ማሠልጠኛ የመጣ ኮስታራ ሰው ነበር።

«ይቅርታ መምህርት» አለች ሱንኢም ገና ከበሩ፣ «ከገበያ በቀጥታ ነው የመጣሁት፣ ነጭ ሽንኩርት እሸታለሁ።»

«ነጭ ሽንኩርት የማይሸት ሰው ሲገኝ ይንገሩኝ። ይልቅ ይተኙ።»

በሆዷ ተኛች። አቶ ፒዮ እየጠየቀ፣ ታክ እየዳሰሰ ይመልሳል። ማጅራቷን አሳየ፣ የትከሻዋን ጠፍጣፋ አጥንት ዳር ዳሩን ተከትሎ ተናገረ፣ ጡንቻው ከየት ተነስቶ የት እንደሚያያዝ አስረዳ። ጎሽ፣ አልኩ በሆዴ። የእጁን አጫጫን ለመመርመር ጣቶቼን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ ነበር፤ ጡንቻዋ እንጨት ሆኗል። ደንግጬ እጄን ልሰበስብ ምንም አልቀረኝ።

«የዮንጁ እናት» አላት ታክ፣ ዮንጁ ልጃቸው ናት፣ «ትከሻሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ይሆናል፣ የጎመን በርሜል ነዋ። አንተ ፈተናህን ተፈተን!»

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም፤ ማሸት ብቻ። ያንን ትከሻ እንደ ሊጥ ቀስ እያለ ለወሰው። ሰው ሲያንቀላፋ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ልቡ ረጋ ይላል፣ ጡንቻው ይላላል፤ ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩት ነገር ነው። እሷም ከጣቶቼ ስር እንዲሁ ላላች። ትንሽ ቆይታ አንኮራፋች።

«በጀርባዋ ያስተኟትና ጉበቷን ያሳዩን» አለ አቶ ፒዮ።

ታክ ማሸቱን ቀጠለ።

«አቶ ታክ?»

«ተኝታለች።»

«ይቀስቅሷታ!»

«ጥቂት ትተኛ ጌታዬ። ቁርሷን እንኳ ቆማ ነው የበላችው።»

«ኧረ ጉድ ነው! እዚህ ፈተና ክፍል ነው፣ መኝታ ቤት አይደለም።»

እኔም አላስችል አለኝ። «አቶ ታክ፣ ሌላ ዓመት እኮ ነው የሚጠብቅዎት። አንድ ጊዜ ነቅነቅ ያድርጓትና ይገላገሉ።»

«ገብቶኛል መምህርት» አለ፤ እጁን ግን አላነሳም።

አቶ ፒዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጉበቱ ጠፍቶበት ነው፤ በሚስቱ አሳቦ ሊያመልጥ ነው» አለኝ። እውነቱን ይሆን? እኔም ጠርጥሬያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። በእሱም፣ በደንቡም፣ በዚያች ምስኪን ሴት እንቅልፍም ተናደድኩ። ሰዓቱ አልቆ ደወሉ እስኪጮህ ሦስታችን ቆመን ስታንኮራፋ አዳመጥን።

ደወሉ ቀሰቀሳት። ብድግ አለች።

«አለፈ?»

አቶ ፒዮ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«መምህርት፣ አለፈ ወይ?»

«አላለፈም።»

«ያንን ጉበት ሳተዋ!»

«ጉበቱ ጋ አልደረስንም። እርስዎን እንቅልፍ ወሰደዎ፣ እሱ ደግሞ አልቀሰቅሳትም አለ።»

በመዳፏ ደረቱን ስትመታው ሰማሁ፤ ደጋግማ።

«አብደሃል? አንተ ሰው፣ አብደሃል? ማን አስተኛኝ አለህ? ሌላ ዓመት! ሌላ ዓመት ሙሉ በዚያ ብርድ ጎመን ልጠብ? ለአንዲት እንቅልፍ?»

«ደክሞሽ ነበር።»

«ዛሬ ነው የደከመኝ? ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ? ዛሬ ነው ያወቅከው?»

«አዎ» አለ ታክ። «ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ምቱ ቆመ። ለቅሶዋን ሰማሁ፤ ድምፅ የሌለው፣ በአፍንጫ የሚሳብ ለቅሶ። አቶ ፒዮ እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ደጅ ወጣ። በመጨረሻ ሱንኢም አፍንጫዋን ተናፍጣ፣ «ሱቁን ለጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ና፣ ደረጃው በዚህ ነው» አለችውና ይዛው ሄደች።

ትምህርት ሲከፈት ታክ ከአዲሶቹ ጋር ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው ቀን አጫጫኑን ላስተካክል እጁን ብይዘው ጨው በልቶት ተሰነጣጥቋል፣ ጥፍሩ ሥር በርበሬ ገብቶ ያቃጥላል። ደሜ ፈላ።

«አቶ ታክ! ይህን እጅ ይዘው ነው ሰው ሊያሹ የመጡት? ምን ሲሠሩበት አድረው ነው?»

«ጎመኑን እኔ ነኝ የማጥበው» አለኝ። «እሷ ተኝታለች።»